ለብርድና ለዳገት የሚሆን ዘይት

ያን ሰሞን እናቴና አባቴ የተጣሉት በሞተር ዘይት ነው ብዬ ማንም ቢጠይቀኝ እምል ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለኋ! የሰባት ዓመት ልጅ በጆሮዋ በሰማችው ካልማለች በምን ትምላለች?

መኪናዋ የእናቴ ነበረች። አያቴ ሲሞት ለእሷ የተዋት፣ ቀለሟ ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ፣ የኋላ በሯ በጉልበት ካልተገፋ የማይዘጋ አሮጊት። እናቴ አዋላጅ ነርስ ስለነበረች «ምጥ ቀጠሮ አያከብርም» እያለች በዚያች መኪና ሰፈር ለሰፈር ትከንፋለች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የቤታችን የፊት ክፍል ሱቁ ነበር። መንዳት አያውቅም። መኪናዋ ውስጥ ሲገባ እንኳ እንደ እንግዳ ጉልበቱን ገጥሞ ነው የሚቀመጠው። ሰው ስለ መኪና ሲያወራው «እኔ የማውቀው መኪና መርፌ ያለውን ነው» ይልና ወደ ስፌቱ ይመለሳል።

የዚያን ዕለት ጠዋት እናቴ እኔን ይዛ ጋራዥ ሄደች። መካኒኩ ጆሮውን ሞተር ላይ ለጥፎ ስለሚያዳምጥ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። እሱ ደግሞ እናቴን «ሲስተር» ይላታል። ሁለቱ ሲነጋገሩ የሰማ ሰው አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ አጠገብ የቆሙ ይመስለዋል።

ዶክተር ኮፈኑን ከፈተ። ቀጭኗን የዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ እንደገና መዘዘና ብርሃን ላይ ያዛት። ጫፏ ብቻ እርሷል።

«ሲስተር፣ ይቺ አሮጊት ዘይት ትበላለች» አለ።

«በቅርቡ አይደል እንዴ የሞላህልኝ?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። ከሥሯ ብታዪ ደረቅ ነው፤ አታፈስም። ታቃጥለዋለች። ጭሷ ሰማያዊ መሆኑን አላየሽም? ፒስተኖቹ ላይ ያሉት ቀለበቶች ተበልተዋል። የዛሬ ነገር አይደለም፣ የቆየ ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ይዘሽው ነው እንጂ።»

ቀለበት ሲል ደንግጬ የእናቴን ጣት አየሁ። ቀለበቷ አለ። ተነፈስኩ።

«ትሞታለች?» አልኩት ዶክተርን።

«አንቺ ደግሞ! ጥሩ ዘይት ካገኘች ገና አንቺንም ትድርሻለች» ብሎ በተቀባ ጣቱ አፍንጫዬን ነካኝ።

ስንመለስ እናቴ አፍንጫዬን እየጠረገች «ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ እሺ? ‹ሽጫት› ብሎ ነገር ያመጣብኛል» አለችኝ። እየሳቀች ነበር። ያን ሰሞን እናቴ ስትስቅ ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነበር።

ቤት ስንደርስ አባቴ ስፌቱ ላይ አልነበረም። ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነው ያገኘነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። የሰው ኮት መሬት ወድቋል። ክር ስጥል የሚቆጣኝ አባቴ የወደቀውን የሰው ኮት እያየ አያነሳውም። ስልኩ አጠገቡ ነው፤ እጁ አሁንም ላዩ ላይ ነበር።

«ተደውሎ ነበር» አላት።

እናቴ ቁልፉን እጇ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች።

«ሁሉንም ሰማሁ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። «ለምን ደበቅሽኝ?»

ፊቷ ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ እንጃ። አመድ መሰለች። እኔም ክው አልኩ። ከጋራዡ እስከ ቤታችን ስንት እርምጃ ነው? ዶክተር ያን ያህል አፈ ሰፊ ነው እንዴ?

«እኔ አይደለሁም የነገርኩት!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ዞረው አላዩኝም።

«አንቺ ወደ ጓዳ ግቢ» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከእናቴ ሳይነቅል።

ገባሁ። ግን የጓዳው በር ገጥሞ አይዘጋም፤ እኔም ጆሮዬን አላርቅም።

«ከመጋባታችን በፊት ነው እኮ» ትላለች እናቴ።

«ታዲያ ከመጋባታችን በፊት መናገር ነበረብሽ!»

«ፈራሁ።»

«አባትሽ ያውቁ ነበር? አዎ፣ አባትሽ ያውቃሉ፣ አክስትሽ ታውቃለች፣ እኔ ብቻ ነኝ አይደል የቤቱ ጅል? ይኸን ሁሉ ዘመን አብረን ተኝተን ስንነሳ አንድ ቀን እንኳ አፍሽ አልፈታ አለ?»

እኔ ጓዳ ሆኜ ለአባቴ ፈረድኩለት። እውነት ነው፤ መኪናዋ ከአያቴ ቤት ስትመጣ ዘይት ትበላ ከነበረ መናገር ነበረባት። ሆኖም እንዲህ ያስጮሃል?

«አሁን ምን ልታደርጊ ነው?» አለ።

«አልጥላትም» አለች እናቴ። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «አንዴ ጥያታለሁ። ሁለተኛ አልጥላትም። የኔ ናት።»

ይኼም ገባኝ። አንዴ ዝናብ ላይ ቆማባት መንገድ ዳር ጥላት በእግሯ መጥታለች፤ አስታውሳለሁ። ለመኪና እንዲህ የሚለቀስ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

አሁን፣ ካደግሁ በኋላ፣ ያን ቀን የተደወለው ከጋራዡ እንዳልነበረ አውቃለሁ። የደወለው ከሩቅ፣ ተራራ ላይ ካለች ከተማ፣ የእናቴ አክስት ጎረቤት ነው። አክስትየዋ ሞታለች። ጎረቤትየው ባልየውም ያውቃል ብሎ፣ ሐዘኑን እንኳ በወጉ ሳይነግረው፣ «ልጅቷን መቼ ነው የምትወስዷት?» አለው። አባቴ «የትኛዋን ልጅ?» አለ። እናቴ እሱን ሳታውቅ በፊት፣ የትምህርት ቤት ልጅ ሳለች የወለደቻት ልጅ ነበረች። አያቴ «ስምሽ ይጠፋል» ብሎ ሕፃኗን ለአክስትየዋ ሰጣት። እናቴም «አክስቴን ልጠይቅ» እያለች በዓመት አንዴ ትሄድ ነበር። አባቴ ይህን ሁሉ የሰማው ከማያውቀው ሰው፣ ቆሞ ኮት እየለካ፣ በስልክ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ።

«እናትሽን ሻይ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት።»

«አባትሽን አልፈልግም በይው።»

ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው እኮ! ወዲያና ወዲህ ስል አንገቴ ደከመ። አባቴ ሥራው ላይ ሆኖም የለም። አንዱ ደንበኛ የተሰፋለትን ሱሪ ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና «ጋሼ፣ እኔ ሳላውቀው አንድ እግሬ አጥሯል?» አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቴ በሳቅ ይሞት ነበር። ያን ቀን ግን ሰውዬውን እንዲያው ፍዝዝ ብሎ አየውና «አጥሮ ይሆናል» አለው።

ከዚያ እናቴ ሻንጣ አወረደች። ሩቅ ልትሄድ ነው፤ በመኪናዋ። «የት?» ስላት «አክስቴ ጋ» አለችኝ፤ አክስትየዋ መሞቷንም አልነገረችኝም። እኔ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ያቺ አሮጊት ዘይቷን በልታ ስትጨርስ መንገድ ላይ ትሞታለች፣ እናቴም አብራት ትቀራለች። ሄጄ የአባቴን ሱሪ ጎተትኩ።

«አባዬ፣ ይቅር በላት። ጥሩ ዘይት ካገኘች እኮ ትድናለች ብሏል ዶክተር።»

«ማን ናት የምትድነው?»

«መኪናችን ናታ!»

መቀሱን ያዝ እንዳደረገ ቆመ። «መኪናዋ ደግሞ ምን ሆነች?»

አሁን ግራ የመጋባቱ ተራ የኔ ሆነ። «ታውቅ የለ እንዴ? የተጣላችሁት በሷ አይደለም?»

ያን ጊዜ የነበረውን ፊቱን አልረሳውም። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ሊስቅ ነው ብዬ ስጠብቅ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከፊቴ ተንበረከከና «እስቲ ንገሪኝ፤ ምን አለ ዶክተር?» አለኝ። ነገርኩት። ዘይት እንደምትበላ፣ ጭሷ ሰማያዊ እንደሆነ፣ ቀለበቷ እንደተበላ፣ የቆየ ነገር እንደሆነ፣ አንድ ሳላስቀር።

«በዚች ነው እንዴ ያን ሁሉ አገር ልትነዳ ያሰበችው?» አለ፤ ለራሱ ነው የሚያወራው። እጄን ያዘና ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ወጣን።

ዶክተር ከአንድ መኪና ሥር ሳይወጣ ነው ያነጋገረው። «ወፍራሙን ነው የምትገዛላት፣ ጋሼ። ያረጀ ሞተር ውስጡ ሰፍቷል። ቀጭን ዘይት ስትሰጠው በክፍተቱ ሾልኮ ይቃጠላል። እኔ ጋ አልቋል፤ ማዶ ዘይት ሻጯ ጋ ሂድ።»

ዘይት ሻጯ ግዙፍ ሴት ናት። በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ በሱቋ በር ገቢ ወጪውን ትቆጣጠራለች። ከኋላዋ እስከ ጣሪያው ቆርቆሮና ጀሪካን ተደርድሯል፤ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል።

«እትዬ፣ ወፍራም ዘይት ፈልጌ ነበር» አላት አባቴ።

«ለምን ዓይነት መኪና?»

«ለአሮጌ። ዘይት ትበላለች።»

«የት ነው የምትሄደው?»

«ወፍራሙን ግዛ ነው የተባልኩት» አለ፤ ጥያቄውን የሸሸ መሰለኝ።

ሴትዮዋ ከሣጥኗ ተነሳች። «ወንድሜ፣ ወፍራም ስለሆነ ብቻ አይገዛም። በብርድ ጠዋት ማር ከዕቃ ስትቀዳ አይተህ የለ? እምቢ ይላል። ዘይትም እንደዚያው ነው። ብርድ አገር አድራ ጠዋት ስታስነሳት፣ በጣም ወፍራሙ ዘይት ወደ ላይ እስኪደርስ ሞተሩ በደረቁ ይፋጫል። ያን ጊዜ ነው ያረጀ ሞተር የሚሞተው። ሙቀት አገር ከሆነ ይኼን፣ ሃያ ሃምሳውን ትወስዳለህ። ብርድና ዳገት ከሆነ ይኼን፣ አሥራ አምስት አርባውን። ፊተኛው ቁጥር ሲያንስ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል፤ ኋለኛው ሞተሩ ሲግል እንዳይቀጥን የሚይዘው ነው። እና የት ነው የምትሄደው?»

አባቴ ቆርቆሮውን ያያል፣ ሴትዮዋን ያያል።

«አልጠየቅኋትም» አለ በመጨረሻ።

እኔ ያኔ የገረመኝ አባቴ ይህን ቀላል ጥያቄ አለማወቁ ነው። ዛሬ ሳስበው፣ እዚያች ሱቅ በር ላይ የደነገጠው በራሱ ይመስለኛል። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ «ለምን ደበቅሽኝ»፣ ግን ልጅቷ የት እንዳለች፣ ምን እንደምትበላ፣ እናቷን እንዴት እየጠበቀች እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም።

ቤት ስንገባ እናቴ መኝታ ቤት ልብስ እያጠፈች ነበር። አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

«የምትሄጂበት አገር ብርድ ነው ወይስ ሙቀት?»

በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ነው የጠየቃት። እናቴ ያጠፈችው ልብስ ከእጇ ተፈታ።

«ምን አልክ?»

«ብርድ ነው ወይ?»

«ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይጥላል።»

«ዳገትስ?»

«ከግማሽ በላዩ ዳገት ነው።»

«ደጅ ነው የምታድረው?» አላት።

እናቴ ፊቷ ተለወጠ። «ምን ማለትህ ነው? ለምን ደጅ ታድራለች? አልጋ አላት፣ ብርድ ልብስ አላት! አክስቴ አንድም ቀን አላስከፋቻትም፤ እኔ ብተዋትም እሷ…» አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና በያዘችው ልብስ ፊቷን ሸፈነች።

«መኪናዋን ማለቴ ነው» አለ አባቴ በቀስታ።

እኔ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አያለሁ። መኪና አልጋ አላት? ብርድ ልብስ?

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለ አባቴ።

«መኪናዋ?»

«ልጅቷ።»

በክፍሉ ውስጥ ልጅቷ እኔ ነኛ። «ሰባት!» አልኩ፤ አባቴ ዕድሜዬን መርሳቱ ደረቴን ወጋኝ። እጁን ራሴ ላይ አሳርፎ ፀጉሬን እንዲያው ያዝ አደረገውና ወጣ።

«አሥራ ሦስት» አለች እናቴ፣ ባዶውን በር እያየች።

አባቴ ተመልሶ ሄዶ አሥራ አምስት አርባውን ገዛ። ዶክተር ቤታችን መጥቶ አሮጌውን ዘይት ሲያፈስ እንደ ጥቁር ቡና ወረደ፤ አዲሱን ግን «እኔ ልሙላው» ብሎ የያዘው አባቴ ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፈን ሥር ያጎነበሰው ያን ቀን ነው። ዘይቱ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ያለ ድምፅ ሲወርድ ትንፋሹን ይዞ ያየው ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማለች።

በማግስቱ ልትነሳ ስትል ወደ መስኮቷ ጠጋ አለ። «ጠዋት ስታስነሺያት ወዲያው አትርገጫት፤ ትንሽ ትቁም። ዘይቱን የምታዪው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፣ ደልዳላ ላይ። ነዳጅ ስትቀጂ ሁሉ እዪው። መጠባበቂያ ከኋላ አድርጌልሻለሁ። እንዳትሰስቺላት።» እናቴ እነዚህን ነገሮች እሱ ጺም ሳያበቅል ጀምራ ታውቃለች። ግን እንደ አዲስ ተማሪ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። መኪናዋ ስትነሳ ያች ሰማያዊ ጭስ ትንሽ ብቅ ብላ ጠፋች። እኔ «እኔም እሄዳለሁ!» እያልኩ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አባቴ አነሳኝ፤ ግን አላባበለኝም። መንገዱን ነው የሚያየው።

ከዚያ ጠበቅን። አባቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርፌ ጣቱን ይወጋዋል። በሄደች በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የመኪናዋን ድምፅ ከመንገዱ መታጠፊያ ለየሁት። እየጮህኩ ወጣሁ። እስከ መስኮቷ ጭቃ ለብሳለች፣ ግን ደርሳለች። ወደ ፊተኛው በር፣ ወደ እኔ ቦታ ሮጥኩ። ከዚያ እግሬ መሬት ላይ ተተከለ።

ቦታዬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ፊቷ የኔ ፊት ነው። ግንባሯ፣ አገጯ፣ አንዱ ከፍ ያለው ቅንድቧ። እኔን ወስዶ እንደ ላስቲክ ስቦ ያስረዘመኝ ሰው ያለ መሰለኝ። ጉልበቷ ላይ ቦርሳ አቅፋለች፤ በሩን እናቴ ከውጭ ብትከፍትላትም አልወርድም ብላ ወደፊት ብቻ ታያለች። ጎረቤቶች በየአጥሩ ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል።

«እማዬ፣ ይቺ ማናት?»

እናቴ መንገዱን ሙሉ ይህን መልስ ስትለማመድ እንደመጣች በኋላ ነግራኛለች። የአክስቴ ልጅ ናት ልትል ነበር። አሳዳጊዋ ሞታባት ነው፣ ለጊዜው ነው ልትል ነበር። አፏን ከፈተች። «ይቺ… ይቺ…» አለችና እጇን የጋለው ኮፈን ላይ አሳረፈች። እየተቃጠለች አላወቀችውም፤ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። «እማዬ እጅሽ!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ከሱቁ ወጣ። ቀጥ ብሎ መጥቶ የእናቴን እጅ ከብረቱ ላይ አነሳና በእጁ ያዘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ግን አጥሩ ላይ ያሉት ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ ነው የተናገረው።

«እህትሽ ናት። ታላቅ እህትሽ።»

እናቴ ዞራ ፊቱን አየችው። አባቴ ይህን እንደሚል አልነገራትም፤ ይላል ብላም አልጠበቀች። አጥሩ ላይ አንዲት ሴት «እንዴ!» አለችና አፏን በእጇ ከደነች። እኔ ደግሞ ድርቅ ብያለሁ። እህት ማለት ትንሽ ሆና፣ ተጠቅልላ፣ በእናቴ እቅፍ የምትመጣ ነገር ነው የማውቀው። እንዲህ አድጋ፣ ጫማ አድርጋ፣ ቦርሳ ይዛ እንደምትመጣ ማንም አልነገረኝም።

«እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ታዲያ?» አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችኝ። ከዚያ በአገጯ ወደ እናቴ አመለከተች።

«እሷን ጠይቂያት» አለች።

ያን ቀን ቤት ገባች እንጂ ቶሎ አልተላመደችንም። አባቴን ወዲያው «ጋሼ» አለችው፤ እናቴን ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ማንም በሽተኛ «ሲስተር» እያለች ነው የጠራቻት። እናቴ በተጠራች ቁጥር «አቤት» ትላለች፣ ፊቷን አዙራ። አልጋዬን አካፈልኳት፤ ብርድ ልብሱን ስትስብብኝ ስስብባት፣ ስንነካከስ፣ ስንኳረፍ እህትማማች የሆንነው ሳይታወቀን ነው።

እናቴን የጠየቅኋት ግን ብዙ ቆይቼ፣ እኔም ወልጄ፣ አባቴም ካረፈ በኋላ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር።

«ያን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት።

«ፈርቼው ነዋ።»

«አባዬን? አባዬ እኮ የሚያስፈራ ሰው አልነበረም።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። በጣም አርጅታ ነበር፤ ዓይኖቿ ግን ያን ቀን መኪናዋ አጠገብ ቆማ እንደነበረችው ነው የፈጠጡት።

«አንቺ ልጅ፣ ያንን ያኔ ማን ነገረኝ?» አለች።